ቴክኒክ ወይስ ማኔጀር

በእኛ ቤት «ቴክኒክ» የሚለው ቃል አይነሳም ነበር። ማንም ተቀምጦ ይህ ቃል ከዛሬ ጀምሮ አይነገርም አላለም። ወንድሜ ከጠፋ በኋላ ቃሉም አብሮት ጠፋ እንጂ። ሬዲዮው ስለ ቴክኒክና ሙያ ማውራት ሲጀምር አባቴ እጁን ሰዶ ጣቢያውን ይቀይራል፤ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ወንድሜ ታላቄ ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ ሳይመጣለት ሲቀር ከሰፈራችን ከዱመርሶ ዲላ ወርዶ ቴክኒክ ገባ። በዚያን ጊዜ ቴክኒክ መግባት ምን ማለት እንደነበር የሀገሬ ሰው ያውቀዋል። ያለፈው በአንድ በር ይገባል፣ የወደቀው በሌላው። «ወደቀ» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር የለም፤ «ቴክኒክ ነው ያለው» ይባላል፣ ሰሚውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይ፣ አይዞት» ይላል። እሱ ግን ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ተምሮ ወደደው። መብራት ሰፈራችን ሳይደርስ የቤታችንን ሽቦ ዘርግቶ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ገጥሞ ጨረሰ። መብራት የሌለበትን ማብሪያ እየተጫነ «ይመጣል» ይለን ነበር። ከተመረቀ በኋላ ሥራ ፈለገ፣ አጣ፣ እንደገና ፈለገ። በመጨረሻ ከሰፈራችን በታች በሚያልፈው አስፋልት ወደ ሞያሌ ሄደ፤ ከዚያ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ወደ ታች። ከመንገድ ላይ ደወለ፣ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

እናቴ ቀድማ ስላረፈች ይህን አላየችም። አባቴ ግን ሁሉንም አየ፤ በእሱ ሒሳብ ልጁን የወሰደው ሞያሌም ደላላም አይደለም። ቴክኒክ ነው። ልጁ ቴክኒክ ገባ፣ ቴክኒክ ሥራ አልሰጠውም፣ ስለዚህ ሄደ። ይህን በአፉ ተናግሮት አያውቅም፣ እኔ ግን ከዝምታው ለይቼ አውቀዋለሁ።

ሌላም ነገር መናገር አለብኝ፣ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም። ቤታችን የምንነጋገረው በጌዴኦኛ ነው። ስለ ትምህርት፣ ስለ መንግሥት ሥራ ወይም ስለ ሐኪም ሲሆን ግን አባቴ ወደ አማርኛ ይሻገራል። ትምህርት በአማርኛ ስለመጣ በመጣበት ቋንቋ መነጋገር ያለብን ይመስለው ነበር መሰለኝ። አማርኛው ደግሞ የራሱ ነው። በጌዴኦኛ አንተና አንቺ አንድ ቃል ስለሆኑ፣ አማርኛ ሲናገር ሁሉንም አንተ፣ እሱ ነው የሚለው፤ እኔንም፣ እናቴንም በሕይወት ሳለች፣ የፓስተሩን ሚስትም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የክፍል ጓደኞቼ ቤት ድረስ ሊጠይቁኝ መጥተው «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ኮምፒውተር ይማራል» ሲላቸው፣ ሌላ ወንድ ልጅ ያለው መስሏቸው ዞር ዞር ብለው ፈለጉት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አባቴም ያሳቀንን ነገር ሳያውቅ አብሮን ሳቀ።

ተመርቄ ዲላ ካሉት የቡና ድርጅቶች በአንዱ ተቀጠርኩ። «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይባላል መደቡ። ሥራው ግን መጀመሪያ ላይ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ማውጣት፣ የሥራ አስኪያጁን ስልክ ከዋይፋይ ጋር ማገናኘት፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እንዳይቃጠሉ መጸለይ ነበር። ቤተክርስቲያን ከምጸልየው ቢሮ የምጸልየው ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ድርጅቱ በኢዲዶ፣ በዱመርሶና በፍስሐ ገነት በኩል የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉት። በለቀማ ወቅት ገበሬው እሸት ቡናውን በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ክብደቱ ወረቀት ላይ በስሙ ይያዛል። ወረቀቱ በሞተር ዲላ እስኪደርስ አንዳንዱ በዝናብ ይርሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይደርስም። እኔ ማንም ሳያዘኝ አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። ጣቢያው ያለው ሰው ክብደቱን ስልክ ላይ ያስገባል፣ ኔትወርክ ሲኖር ራሱ ወደ ዲላ ይልከዋል። የመጀመሪያው ክብደት ከኢዲዶ ተነስቶ ስክሪኔ ላይ ሲወጣ ያለሁበትን ረስቼ ጮኼ ነበር። ሒሳብ ክፍል ያሉት ሰዎች እባብ ያየሁ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ፕሮግራሙ ግን አንድ በሽታ ነበረው። ኔትወርክ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ ስልኮቹ የያዙትን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይልኩና አንዱ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፣ ሌላው ጭራሽ ይጠፋል። አንዱን ቀዳዳ ስደፍን በሌላ ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ችግሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ተራርቀው ያሉ መሣሪያዎች ሳይነጋገሩ ቆይተው ሲገናኙ፣ የየትኛው ቃል ነው እውነት ተብሎ የሚወሰደው? ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡበት ጥያቄ ነው። የሚያነሱትን ሒሳብ ግማሹን አንብቤ ግማሹ አልገባኝም፤ ያልገባኝ ግማሽ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ የራበኝ ነገር የለም። አዲስ አበባ ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ አመለከትኩ፣ ሄጄ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሲሰሙ ቢሮ ጠሩኝ። ከሀዋሳ የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም ነገር ይቀለኝ ነበር።

«ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ማስታወቂያ ባወጣን ቁጥር ተሰልፎ ይመጣል» አሉኝ። «ሰውና ሥራ የሚያስተዳድር ነው የጠፋው። ኤም ቢ ኤሽን እዚሁ ዲላ ቅዳሜና እሁድ ተማሪ። ሥራሽን አትለቂም፣ አባትሽም ቅርብሽ ናቸው። ስትጨርሺ የክፍል ኃላፊ ነሽ።»

«ያኛውን ከተማርኩስ?»

«ያኛውን ከተማርሽማ ለእኛ ትበዢብናለሽ» አሉ ፈገግ ብለው። «ጨርሰሽ የምትመለሺ ይመስልሻል እንዴ?»

በሻይ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የትምህርት አማካሪ ሆነ። ገንዘብ ያዧ ቴክኒካል የተማረ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ከጠረጴዛ ሥር ኬብል እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ሹፌራችን አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ስንት እንደደረሰ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቴክኖሎጂ በየዓመቱ ይለወጣል፣ አመራር ግን አይለወጥም ያለኝም ነበር። አመራራችንን ሳስብ ይኼኛው እውነት ነው አልኩ በልቤ። እኔ ግን ሁሉንም ሰምቼ አንድ ሰው ብቻ ነበር የምፈራው። እኔ ከሄድኩ አባቴ እዚያ ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀራል። እሱ ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ፣ ካላለኝ አልሄድም ብዬ ቆርጬ ወደ ዱመርሶ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ የጓሮውን ቡና በሽቦ አልጋ ላይ አስጥቶ እያገላበጠ ነበር። አጠገቡ ቆሜ እኔም ማገላበጥ ጀመርኩ። የትምህርት ነገር ስለሆነ በአማርኛ ጀመርኩለት።

«አባዬ፣ የምማርበት ሁለት ቦታ አለኝ። አንዱ እዚሁ ዲላ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ፣ የማኔጅመንት። ሌላው አዲስ አበባ ነው፤ እዚያው ተቀምጬ ነው የምማረው። እሱ ቴክኒካል ነው።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አባቴ እጁ ቡናው ላይ ቀረ።

«ቴክኒክ?»

«ቴክኒክ አይደለም አባዬ። ቴክኒካል። ማስተርስ ነው፣ ከዲግሪ በላይ።»

«ቴክኒክ ገብተህ ምን ታደርጋለህ?»

«አባዬ፣ ያኛው ቴክኒክ አይደለም እኮ።»

«አትሂድ» አለኝ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም፤ ወደ አስፋልቱ በኩል ነበር የሚያየው። እንደገና ላስረዳው ሞከርኩ። አንዱ ለወደቀ ሰው እንደሆነ፣ ሌላው ለበቃ ሰው እንደሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የቃሉ መጀመሪያ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ስናገር ራሴን ጠላሁት፤ ወንድሜን በአባቱ ፊት የወደቀ እያልኩት ነበር።

«ማኔጀር ይሻላል» አለ። «ማኔጀር ሁን።»

አባቴ የሚያውቀው ማኔጀር የማጠቢያ ጣቢያውን ማኔጀር ነው። ሲመጣ ወንበር ይቀርብለታል፣ ሰው ይነሳለታል፣ በመኪና መጥቶ በመኪና ይመለሳል። ዋናው ነገር የሚመለስ መሆኑ ነበር መሰለኝ።

ወደ ዲላ የመለሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ከመስኮቱ በኩል ተቀምጬ እስከ ዲላ ተቆጣሁ። በእሱ፣ በወንድሜ፣ ለሁለት የተለያየ ነገር አንድ ስም ባወጣው ሰው ሁሉ። አንድ ቃል ነው እኮ ያሰናከለኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር እያልኩ ሳብሰለስል ከረምኩ። ግን ተብሏል፤ አትሂድ ተብያለሁ። አንድ ልጁን መንገድ የበላበት ሰው አትሂድ ሲል እንዴት ነው ጥሰው የሚሄዱት? የአዲስ አበባው ምዝገባ መጣ፣ አለፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ለአባቴ «ዲላውን መረጥኩ» አልኩት። «ዲላውን?» አለኝና ቆይቶ «እሺ» አለ። ደስ ያለው መሰለኝ።

ትምህርቱ እሁድንም ስለሚጨምር ቤተክርስቲያን መቅረት ጀመርኩ። አባቴ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ እሁድ የምትቀር ሴት ልጅ ያለችው ሽማግሌ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ልጅህ የት ጠፋች ሲሉት «ማኔጀር እየተማረ ነው» ይላቸው ነበር አሉ። ይህን የነገሩኝ ሰዎች እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ መሳቅ ትቼ ነበር።

ኤም ቢ ኤ መጥፎ ትምህርት ነው አልልም። ድርጅታችን ለምን አንዳንዱን ነገር እንደሚያደርግና አንዳንዱን እንደማያደርግ የገባኝ እዚያ ነው። የሥራ አስኪያጃችን ጭንቀት ምን እንደሆነም እዚያ ነው ያወቅኩት፤ ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ልናደድባቸው አልቻልኩም። ግን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አልነበረም። የባንክ ሰው፣ የወረዳ ሰው፣ የነጋዴ ልጅ ሆነን በቡድን እንቀመጥና ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት ብለን አራት ሳጥን እንሠራለን። በየትምህርቱ እነዚያ አራት ሳጥኖች አሉ። ሰምተን ስለማናውቀው የውጭ አየር መንገድ ስጋት እንወያያለን፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እናበራና ስጋቱን እንቀጥላለን። አንድ ቀን ሰልችቶኝ የራሴን አራት ሳጥን ሠራሁ። ስጋት የሚለው ባዶ ቀረ። የሚመጣብኝ ነገር አልነበረም፤ የሚመጣልኝም አልነበረም።

ተመረቅኩ። ሥራ አስኪያጁ ቃላቸውን ጠብቀው የክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። በር ያለው ቢሮ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ። ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ አባቴ የሚያስቀምጠኝ የተሻለው መቀመጫ ላይ ሆነ። ስልኬ ሲጠራ «ዝም በሉ፣ ማኔጀር ሊያወራ ነው» ይላል እንግዶቹን። ኮምፒውተር የምከፍተው ግን ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ ነበር። የሠራሁትን ፕሮግራም የሚነካው በእኔ ቦታ የተቀጠረ ልጅ ነው፤ በሽታው አሁንም አለበት፤ እሱም እንደ እኔ ቀዳዳ እየደፈነ ይኖራል።

ከዚያ ድርጅቱ አዲስ ሲስተም ለመግዛት ወሰነ። ከአዲስ አበባ አንድ ኩባንያ መጣና ባለሙያቸው፣ የእኔ እኩያ የሆነ ሰው፣ ግድግዳው ላይ እያሳየ አስረዳን። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ «ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ መዝገቡ እንዳይደገም ያደረግነው እንዲህ ነው» አለና ሥዕሉን ማሳየት ጀመረ። ወንበሬን ወደፊት ስቤ ተቀመጥኩ። ጥያቄው የእኔ ጥያቄ ነበር። መልሱን እስከ ግማሹ ተከተልኩት፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሌሎቹ ስለ ሥልጠናና ስለ ጥገና ሲጠይቁት እኔ የትኛውን ብጠይቅ እንዳልገባኝ እንደሚታወቅብኝ እያሰብኩ ዝም አልኩ። የት እንደተማረም አልጠየቅኩትም፣ መልሱን ፈራሁ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ አሮጌው ሲስተም እንዲዘጋ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥራዬን በገዛ ፊርማዬ ዘጋሁት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዩኒቨርሲቲው የሚመረቁ ልጆች አሁን ካፌ ውስጥ ካገኙኝ ያስቆሙኛል። «ሲስ፣ ለቴክ ካሪየር የቱ ያዋጣል፣ ኤም ቢ ኤ ነው ኤም ኤስ ሲ?» ይሉኛል። ጥሩ መልስ የምሰጥ ሰው ይመስላቸዋል። እኔም አንዱ በር ይከፍታል፣ ሌላው በሩ እንዴት እንደተሠራ ያስተምራል፣ ዓይነት ነገር እመልስላቸዋለሁ። ደስ ብሏቸው በስልካቸው ይጽፉታል። እንዲህ ያለ አባባል ከአፌ ሲወጣ ኤም ቢ ኤው እንደሠራብኝ አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት አባቴ ታመመ። በሳል ጀምሮ ሳንባው ላይ ወረደ። ጎረቤቶቹ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ በሚኒባስ ዲላ ሆስፒታል አደረሱልኝ። ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ይቃዥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ አስታማሚ ሞልቷል፤ እኔ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደርጋለሁ። ዓይኑን ገለጠና አየኝ። ሆስፒታል ስለሆነ ይመስለኛል በአማርኛ ነው የተናገረው።

«ቴክኒክ ጨረስክ?»

እኔን መሰለኝ። አንተ ማለቱ አላስገረመኝም። ከስንት ጊዜ በኋላ ቃሉን ከአፉ ስሰማ ግን ደነገጥኩ።

«ጨረስኩ አባዬ» አልኩት።

«ሽቦው ጥሩ ነው። መብራት ይመጣል፣ ጠብቅ። ሞያሌ አትሂድ።»

ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሚያወራው ከእኔ ጋር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አጠገባችን ያለችው አስታማሚ አዝና አየችኝ።

«እህትህ ይሂድ» አለ አባቴ። «እህትህ ትምህርት ይወዳል። አዲስ አበባ ይሂድ። እኔና አንተ ቤት እንሆናለን።»

«እሺ አባዬ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? «አልሄድም» አልኩት በወንድሜ ፋንታ። ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሹ ረጋ አለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት በምን ዓይነት ልብ እንዳሳለፍኳቸው መናገር ይከብደኛል። መድኃኒት እገዛለሁ፣ ሾርባ አመጣለሁ፣ ሐኪም እጠይቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይነድ ነበር። ያኔ ቡናው አጠገብ አትሂድ ሲል አስፋልቱን እያየ ነበር። ከማን ጋር ነበር የሚነጋገረው? አንቺ ማለት ቢያውቅ ኖሮ፣ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ኖሮ፣ ለእኔ እንዳልሆነ እረዳ ነበር። ለሌላ ሰው የተነገረን ቃል ተቀብዬ ታዝዤበታለሁ። ዕድሜዬን ሰጥቼበታለሁ። የታመመ አባት ላይ መቆጣት ነውር ነው፣ የጠፋ ወንድም ላይ መቆጣትም ነውር ነው። ቢሆንም በሁለቱም ተቆጣሁ። ንዴቴ የሚያርፍበት ስላጣ ቢሮ ገብቼ የማይገባቸውን ሰዎች ስገላምጥ ሰነበትኩ።

አባቴ ዳነ። ቤቱ መልሼ ወስጄው ጥቂት ቀን አብሬው ቆየሁ። ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ወጥቶ ቡልኮውን ተከናንቦ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት አጠገቡ ተቀመጥኩና ጠየቅኩት። በአማርኛ አልጠየቅኩትም። አማርኛችን አንድ ጊዜ ከድቶናል። በጌዴኦኛ ስለ ትምህርት ስንነጋገር የመጀመሪያችን ስለነበር ቃላቱን ከየት እንደማመጣቸው ጨነቀኝ፤ እየተንተባተብኩ «ያኔ አዲስ አበባ ልማር ነው ስልህ አትሂድ ያልከው ማንን ነበር?» አልኩት።

ሆስፒታል የተናገረውን አያስታውስም። ጥያቄው ግን ገባው። ያለኝን ወደ አማርኛ ሳመጣው አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም ያን ጠዋት የሚያየው እኔን ነበር።

«አንቺን ነው» አለኝ። «ልጅ ሊሄድ ሲነሳ አባት ምን ይላል? አትሂድ ነው የሚባለው። ሂድ ብሎ የሚሸኝ አባት የታለ? ለወንድምሽም ብያለሁ። እጁን ይዤ ነው ያልኩት። እሱ ግን ሄደ።»

«እኔ ግን አልሄድኩም» አልኩት።

«አንቺም ትሄጃለሽ ብዬ ነበር። አስፋልቱ ድረስ ልሸኝሽ አስቤ ነበር። ዲላውን መረጥኩ ስትይኝ የአዲስ አበባውን ትምህርት የጠላሽው መሰለኝ።» ቡልኮውን ወደ ትከሻው ሳበ። ከዚያ በእውነት ሊገባው እንደፈለገ ሰው ፊቴን እያየ «ለምን ሰማሽኝ?» አለኝ።

ቁርስ ላመጣልህ ብዬ ተነሳሁና ወደ ጓሮ ዞሬ፣ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።